ጥፋቱ የእኛ ነው ወይስ የሱሪው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ፊታችሁ ስንቆም ብዙ ጊዜ የምናቀርበው የቁጠባውንና የብድሩን ሒሳብ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ሱሪ ነው። ስትስቁ እየሰማን ነው፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። ነገሩ የመጣው ግን ከዚያው ከሒሳብ መዝገቡ ነው።

ባለፈው ዓመት መዝገቡን ስናገላብጥ ከአባሎቻችን አንዷ ሁለት ወር በተከታታይ መዋጮ እንዳላስገባች አየን። ከዚያ በፊት አንድ ወር እንኳ አጉድላ የማታውቅ እህት ናት። ታማ ይሆናል ብለን ቤቷ ሄድን። አልታመመችም። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ ሲያድል ሱሪው የመጣው በሦስት መጠን ብቻ ነበር፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ። መካከለኛው ከታፋዋ አልወጣ አላት። ትልቁ ዳሌዋ ላይ እንደምንም ተወጥሮ ገባ፤ ወገቡ ላይ ግን ሰፍቶ ከኋላ አፉን ከፈተ። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዛ ሥራ ጀመረች። አንድ ቀን የወደቀ ወረቀት ልታነሳ ጎንበስ ስትል የኋላው ስፌት ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። በባልደረቦቿ ፊት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግሥቱ አልገባችም፤ በሦስተኛውም ቀን አልገባችም። ደመወዟ ተቆረጠ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከዚያ በራሷ ገንዘብ ሦስት ሱሪ ገዛች፤ አንዱም አልሆናትም። መዋጮው የቀረው እዚያ ላይ ነው። ይህን እንድንናገር የፈቀደችልን እሷው ናት፤ አሁንም ከመካከላችን ተቀምጣለች።

«ምነው ሳትነግሪን?» ብንላት፣ «ስለ ዳሌዬ ምን ብዬ ልንገራችሁ?» አለችን። ያን ጊዜ ያፈርነው እኛ ነን። ከመካከላችን ይህንን ነገር የማያውቅ የለማ! ሠርግ ቤት ስንጨፍር ዳሌያችን ይዘፈንለታል፤ ሱቅ ስንገባ ግን «እህቴ፣ ላንቺ የሚሆን የለንም» እንባላለን። ወጥተን ስንሄድም ሱሪውን አናማም፤ የምናማው ገላችንን ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን ገዝተን የማንለብሰውን ሱሪ ይዘን እንድንመጣ ተስማማን። ጠረጴዛው ሞላ። አንዱ ወገቡ የሚሰፋ፣ አንዱ ስንቀመጥ ከኋላ የሚወርድ፣ አንዱ ታፋ ላይ የሚያንቅ። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ተብሎ ዓመታት የተቀመጠም ነበረበት። በእኛ በሒሳብ ሠራተኞች ዓይን ያ ክምር ገንዘቡ ወጥቶ አገልግሎት ያልሰጠ ንብረት ነው። ቁጠባ ለማስገባት የምንቸገር ሴቶች ይህን ያህል ገንዘብ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግተን ኖረናል።

ለመሆኑ ሱሪው ለምን አይሆነንም? ፋብሪካ ለእያንዳንዷ ሴት አይቆርጥም። መጀመሪያ ለአንድ መጠን ቅዱን ያወጣል፤ ከዚያ ያንኑ ቅድ ከፍና ዝቅ እያደረገ ሌሎቹን መጠኖች ይሠራል። ወገቡ ሲሰፋ ዳሌውም አብሮ ይሰፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን እንዳለ ይቀራል። በብዙ ፋብሪካዎች ሠንጠረዥ ላይ ይህ ልዩነት ከ25 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ዳሌዋ 110፣ ወገቧ 76 ሴንቲ ሜትር የሆነች እህታችንን እናስብ። የእሷ ልዩነት 34 ነው። ለዳሌዋ የሚሆን ሱሪ ወገቡ 85 ይሆናል፤ 9 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቀረ ማለት ነው። መጠን ብትጨምር ወገቡ ይብስ ይሰፋል፤ ብትቀንስ ከታፋዋ አያልፍም። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የእሷ ቁጥር የለም።

ሠንጠረዡስ ከየት መጣ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የመንግሥት ባለሙያዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን 59 ቦታ ላይ ለኩ። ውጤቱ በ1941 ሲወጣ የገባው የነጮቹ ሴቶች ልኬት ብቻ ነበር። የሌሎቹ ተለክቶ ተጣለ። በ1958 የወጣው የአገሪቱ የሴቶች ልብስ መጠን ደረጃ ይህንኑ ልኬት መሠረት ያደረገ ነበር። ደረጃው በ1983 ተሰርዟል፤ ዛሬ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ሠንጠረዥ ያወጣል። ለዚህ ነው አንዲት ሴት በአንዱ ሱሪ 30፣ በሌላው 33 የምትሆነው። የጂንስ አምራቹ ሊቫይስም እ.ኤ.አ. በ2010 የገላን ቅርጽ መሠረት አድርጎ በተለያየ ቅድ የሴቶች ሱሪ ማውጣት ጀምሯል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ችግሩ የቅዱ መሆኑን ካወቁ፣ እኛ ገላችንን የምንከስበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደሚጠቅመን እንግባ። ከአባሎቻችን መካከል ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ እናታችን አሉ። «ልጆቼ፣ ወገብ ማጥበብ ቀላል ነው፤ ዳሌ ማስፋት ግን ጨርቅ ይጠይቃል። ስትገዙ ለዳሌያችሁ ግዙ» አሉን። ነገሩ በሙሉ ከዚህ ይጀምራል። ፋብሪካ ስፌቱ ውስጥ የሚተወው ትርፍ ጨርቅ ጥቂት ነው፤ የጠበበ ሱሪ ከየት ይለቀቃል? የሰፋ ወገብ ግን ከኋላ መሐል ላይ ተፈትቶ ይገባል፤ ወይም ከኋላ በኩል ብቻ ላስቲክ ይገባበታል። በቀበቶ መያዝ መፍትሔ አይደለም፤ ጨርቁ ይሰበሰብና ከጀርባ ጉብ ይላል።

ከመግዛታችን በፊት አራት ቦታ እንለካ። አንደኛ፣ ወገብን ቀጭኑ ቦታ ላይ። ሁለተኛ፣ ዳሌን እግር ገጥመን ከኋላ ሞላ ያለው ቦታ ላይ። ሦስተኛ፣ ታፋን ከላይ ወፈር ያለው ቦታ ላይ። አራተኛው ብዙዎቻችን የማንለካው ነው፤ ከፊት ወገብ ተነሥቶ በእግር መሐል አልፎ ከኋላ ወገብ ድረስ። መቀመጫችን ሞላ ሲል ይህ ልክ ይረዝማል። ሱሪው እዚህ ጋ ካጠረ ስንቀመጥ ከኋላ ይወርዳል፤ ወገቡን ብናጠብም አይድንም። ስለዚህ ወገቡ ከፍ ብሎ የሚውል ሱሪ ለብዙዎቻችን ይሻላል። ሜትሩ ሳይላላ ሳይጠብቅ ይያዝ፤ ሆድ መሳብ የለም። ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ጽፈን ቦርሳችን ውስጥ እንያዝ።

መርካቶም ሆነ ሰልባጅ ተራ መልበሻ ክፍል አይገኝም እንል ይሆናል። ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው ሜትር ይዞ ሄዶ ሱሪውን ዘርግቶ መለካት ነው፤ ቤት ውስጥ ደህና የሚሆነን ሱሪ ካለ አስቀድመን ያንን ለክተን ማወዳደር ነው። ሁለተኛው ሰፊ ጉርድ ለብሶ መሄድ ነው፤ ሱሪው ከሥር ይለካል፣ ማንም አያይም። ሰልባጅ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንመን፤ የብዙ አገር ቁጥር የተቀላቀለበት ነው፣ በዚያ ላይ ታጥቦ የተሰበሰበም ይኖርበታል።

ለብሰን ቆመን ብቻ መስታወት አንይ። የጎን ኪሱ አፉን ከከፈተ ዳሌ ላይ ጠቧል። ከፊት ለፊት ታፋ ላይ ወደ ጎን የተዘረጋ ሽብሽብ ከታየም ጠቧል። ከዚያ ቡና እንደምናፈላ በርጩማ ላይ እንቀመጥ፣ ታክሲ ላይ እንደምንወጣ እግራችንን እናንሣ፣ እንጎንበስ። ከኋላ ካልወረደ፣ ሆድ ላይ ካልቆረጠ፣ ያ ሱሪ ሊገዛ ይችላል። ጨርቁ ትንሽ የሚሳብ ክር ካለበት ይረዳናል፤ ነገር ግን ሲገዛ ልክክ ያለው ከቀናት በኋላ ሊላላ ስለሚችል አስቀድመን እናስብበት። ሙቀትም የሚሳበውን ክር ያበላሸዋል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፣ የጋለ ካውያ አይጫንበት።

ሒሳቡንም እንይ። አንድ ሱሪ በ1,500 ብር ገዛን እንበል። አልመች ብሎን ሦስት ጊዜ ብቻ ለበስነው፤ አንዱ መልበስ 500 ብር ፈጀ። ሌላውን በ2,000 ብር ገዝተን ወገቡን ለማስገባት 300 ብር ከፈልን፤ መቶ ጊዜ ለበስነው። አንዱ መልበስ 23 ብር ነው። የትኛው ውድ ነበር? ስለዚህ ወደ ገበያ ስንወጣ የሰፊው ዋጋ ከሱሪው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ በዚያ ወር አንግዛ።

ወደ እህታችን እንመለስ። የስፌት እናታችን ያንን የተተረተረ የደንብ ልብስ ሱሪ ተቀበሉ። ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚቷ ያልፍ ነበርና ትርፉን ቆረጡት፤ ከቆረጡት ጨርቅ ቀጭን ቀጭን አውጥተው በግራና በቀኝ ጎኑ ላይ ዳሌው ጋ ጨመሩበት። ወገቡን ከኋላ አስገቡት። ቀለሙ ያው ስለሆነ ጠጋ ብሎ ያላየ አያውቀውም። በማግሥቱ ለብሳው ሥራ ገባች። የመሥሪያ ቤቷ ሌሎች ሴቶችም «ማን ሠራልሽ?» እያሉ ሱሪያቸውን ይዘው መጡ፤ ለእናታችንም ገቢ ሆነ። የቀረው የሁለት ወር መዋጮ ተከፍሎ አልቋል።

ከዚህ የተማርነው ስለ ሱሪ ብቻ አይደለም። አንዲት አባል ስትጎድል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ለምን አልከፈለችም?» ከሆነ እውነቱን አንሰማም። ደግሞም የቀጣሪዎቻችንን በር ማንኳኳት እንችላለን። የደንብ ልብስ ከመገዛቱ በፊት ሴት ሠራተኞች ይለኩ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለሦስት መጠን ብር ከማውጣት ልክ ወስዶ ማሰፋት ለቀጣሪውም ብክነት ይቀንሳል።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በየወሩ ከስብሰባው በኋላ የግማሽ ሰዓት የልኬት ጊዜ ይኑረን፤ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል። የማንም ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነበብም። ስፌት ለሚማሩ ወጣት አባሎቻችንም እናታችን እንዲያሠለጥኑልን ለምነን እሺ ብለዋል። ደጋፊዎቻችን ልትረዱን ብትፈልጉ የሚጎድለን ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወትና አንድ የስፌት መኪና ነው።

ሜትሩን የሚይዘው ማን ይሁን ስንል እጇን ቀድማ ያወጣችው ያቺው እህታችን ናት። ዛሬ ከስብሰባው በኋላ እንጀምራለን፤ የሚፈልግ ይቆይ።