ማን ይምጣ? ማን ይሂድ?
የቅርጫት ኳስ ደጋፊዎች ክርክርና የተጫዋቾች ልውውጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ እንደሆነ፣ የደጋፊው ክርክር ከሜዳው ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ፀጉር ቤትና ወደ ራዲዮ ጣቢያ ይዘልቃል። «እገሌን ሰጥተን እገሌን ብናመጣ ዋንጫው የእኛ ነበር» የሚለው ሐሳብ በየአፉ ይነሣል። በቦስተን፣ በፊላዴልፊያና በሎስ አንጀለስ ይህ ክርክር የጨዋታው አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። ከሙያው ሰዎች መካከል እንዲህ ያለውን ክርክር የሥራ ፈት ወሬ አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ፍርዱ ግን ተገቢ አይደለም። ደጋፊው ቡድኑን ከዓመት ዓመት የሚከታተል በመሆኑ ጉድለቱን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ያያል። የሚሳሳተው በመድኃኒቱ ነው፤ ይኸውም ስምን ከስም ጋር ይመዝናል እንጂ ተጫዋቹን ከሚገባበት ቡድን ጋር አያመዛዝንም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ነጥብ ኤን.ቢ.ኤ. ተብሎ ከሚታወቀው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ታሪክ በተወሰዱ ጥቂት ምሳሌዎች ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የልውውጡን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። የአገራችን የስፖርት ወዳጅ ይበልጥ የለመደው የእግር ኳስን ዝውውር ነው። በእግር ኳስ አንደኛው ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ሌላው ተጫዋቹን ይለቃል። በኤን.ቢ.ኤ. ግን ዋናው መንገድ ተጫዋችን በተጫዋች መለወጥ ነው። ከዚህም ሌላ በየዓመቱ ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡት አዳዲስ ተጫዋቾች በቡድኖች በተራ የሚመረጡበት ሥርዓት አለ። ደካማ ውጤት ያስመዘገቡ ቡድኖች ቀደም ያለ ተራ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህ የምርጫ ተራ ራሱ እንደ ተጫዋች ይሰጣል፤ ይወሰዳል። ከ1984–85 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ የደመወዝ ጣሪያ ስለ ተደነገገ፣ ጣሪያውን ያለፈ ቡድን የሚቀበለው ደመወዝ ከሚለቀው ደመወዝ ጋር መቀራረብ ይኖርበታል። እንግዲህ ደጋፊው «እገሌ ይምጣ» ሲል ማን እንደሚሄድ፣ የትኛው ዓመት ተራ እንደሚሰጥና ሒሳቡ እንዴት እንደሚገጥም አብሮ ማሰብ አለበት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የ1956 ዓ.ም. ልውውጥ ነው። የቦስተን ሴልቲክስ በዚያን ጊዜ ነጥብ በማስቆጠር የታወቀ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ ሻምፒዮን ያልሆነ ቡድን ነበር። አሠልጣኙ ሬድ አወርባክ፣ ኤድ ማኮሌን እና ገና በኤን.ቢ.ኤ. ያልተጫወተውን ክሊፍ ሄገንን ለሴንት ሉዊስ ሆክስ ሰጥቶ ሁለተኛውን የምርጫ ተራ ወሰደ፤ በዚያም ቢል ረስልን አገኘ። ስም በስም ቢመዘን ማኮሌ በ1951 በተካሄደው የመጀመሪያው የኮከቦች ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነበር። ረስል በኮሌጅ ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ቢሆንም ቅርጫት በማስቆጠር ረገድ የሚደነቅ አልነበረም። ሆኖም ቦስተን የጎደለው ነጥብ አስቆጣሪ አልነበረም። የጎደለው ከሰሌዳው የሚመለሰውን ኳስ የሚሰበስብና ቅርጫቱን የሚከላከል ሰው ነበር። ረስል በተጫወተባቸው 13 የውድድር ዘመናት ቦስተን 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚህ ምሳሌ ጋር አብሮ መታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሴንት ሉዊስም አልከሰረም። በ1957 የፍጻሜ ውድድር በሰባተኛው ጨዋታ፣ ያውም በሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት ለጥቂት ተሸነፈ፤ በ1958 ግን ረስል በፍጻሜው መካከል በተጎዳበት ዓመት ቦስተንን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በደጋፊዎች ክርክር ውስጥ ልውውጥ ማለት አንዱ ሌላውን የሚያታልልበት ገበያ ተደርጎ ይታሰባል። ሁለቱ ቡድኖች የጎደላቸው ነገር የተለያየ ከሆነ ግን ሁለቱም የሚጠቀሙበት ልውውጥ አለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የዊልት ቻምበርሌን ነው። ቻምበርሌን በጃንዋሪ 1965 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ፊላዴልፊያ፣ በ1968 ደግሞ ከፊላዴልፊያ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተለወጠ። ሌከርስ ጄሪ ዌስትንና ኤልጂን ቤይለርን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች የነበሩት በመሆኑ ሦስተኛ ኮከብ ሲጨመርበት ዋንጫው የተረጋገጠ መስሎ ነበር። በ1969 የፍጻሜ ውድድር ሰባተኛ ጨዋታ ግን በገዛ ሜዳው በቦስተን 108 ለ 106 ተሸነፈ። ሦስት ኮከቦች መደመራቸው ብቻ ቡድን እንደማያደርግ በዚያ ምሽት ታየ።

የቻምበርሌን ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ1966–67 በፊላዴልፊያ አሠልጣኙ አሌክስ ሃነም ራሱ ብዙ ከማስቆጠር ይልቅ ኳስ እንዲያቀብል አሳምኖት ነበር። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጥር የነበረው ነጥብ ካለፈው ዓመት 33.5 ወደ 24.1 ሲወርድ፣ ቡድኑ ከ81 ጨዋታዎች 68ቱን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በሎስ አንጀለስም በ1971–72 ቢል ሻርማን አሠልጣኝ ሲሆን፣ ቻምበርሌን መከላከልንና ኳስ መሰብሰብን ዋና ሥራው አደረገ። ሌከርስ በተከታታይ 33 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አገኘ። ተጫዋቹ ያው ቻምበርሌን ነው፤ የተለወጠው የተሰጠው ሥራ ነው። ስለዚህ ደጋፊው አዲስ ሰው ከመጠየቁ በፊት፣ ያለው ሰው በተገቢው ቦታ ተሰልፎ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። አለዚያ ነገሩ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በ2013 ብሩክሊን ኔትስ ኬቪን ጋርኔትን፣ ፖል ፒርስንና ጄሰን ቴሪን ከቦስተን ወሰደ። ጋርኔት 37፣ ፒርስ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በለውጡ ቦስተን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የ2014፣ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን፣ እንዲሁም በ2017 ተራ የመቀያየር መብትን አገኘ። ፒርስና ጋርኔት በ2008 ዋንጫ ያመጡ ስለነበሩ የቦስተን ደጋፊ አዝኖ ሸኛቸው። ሆኖም ብሩክሊን በ2014 በጥሎ ማለፉ ውድድር አንድ ዙር ብቻ አለፈ፤ ፒርስ በዚያው ዓመት፣ ጋርኔት በ2015 ቡድኑን ለቀቁ። ቦስተን በ2016 በተሰጠው ተራ ጄለን ብራውንን መረጠ። በ2017 በመቀያየር ያገኘውን አንደኛ ተራ ደግሞ ለፊላዴልፊያ ለውጦ በሦስተኛው ተራ ጄሰን ቴተምን ወሰደ። በ2024 ቦስተን ሻምፒዮን ሲሆን ሁለቱ የቡድኑ ምሰሶዎች ነበሩ። በ2013 የተደረገ ልውውጥ ፍሬው የታየው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ለዛሬ ድል የነገን ዘር አውጥቶ መብላት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ተጫዋቹን እንደ አንድ የሒሳብ አኃዝ የሚቆጥር ይመስላል። የሚለወጠው ግን ቤት፣ ልጅና ጎረቤት ያለው ሰው ነው። ማኮሌ በ1956 ለልውውጡ ፈቃደኛ የሆነው ልጁ በጽኑ ታሞ ስለነበርና ሴንት ሉዊስ የትውልድ ከተማው ስለ ነበረች ነው። በዘመኑ ይህን የመሰለ ፈቃድ የሚጠየቅ ተጫዋች ብዙ አልነበረም። ኦስካር ሮበርትሰን የተጫዋቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ሳለ በ1970 የተመሠረተው ክስ በ1976 በስምምነት ሲያልቅ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች የሚሄድበትን ቡድን ራሱ እንዲመርጥ መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በልውውጥ የመጣ ተጫዋች ነገ በፈቃዱ ሊሄድ እንደሚችል ታውቆ ነው ሒሳቡ የሚሠራው።

ይህም በቶሮንቶ በግልጽ ታይቷል። በ2018 ቶሮንቶ ራፕተርስ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለውንና ከከተማው ጋር የተዋደደውን ዴማር ዴሮዛንን ለሳን አንቶኒዮ ሰጥቶ ካዋይ ሌናርድን አመጣ። በ2019 የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ፤ ሌናርድም በዚያው ክረምት ቡድኑን ትቶ ሄደ። ዋንጫው ለኀዘኑ ካሣ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ቁጥር አይመልሰውም። በዳላስ ደግሞ ነገሩ ከረረ። በ2024 ቡድኑን ለፍጻሜ ያደረሰው ሉካ ዶንቺች በፌብሩዋሪ 2025 በአንቶኒ ዴቪስ፣ በማክስ ክሪስቲና በአንድ የ2029 ተራ ለሌከርስ ሲለወጥ ደጋፊዎች በስታዲየሙ ደጃፍ ተሰልፈው ተቃወሙ። ልውውጡን የፈጸመው ሥራ አስኪያጅ በኖቬምበር 2025 ከሥራው ተሰናበተ። ደጋፊው በዚህ ጊዜ ያቀረበው ክርክር ስለ ነጥብና ስለ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ የለበሱት ማሊያ የማን ስም እንደያዘም ጭምር ነበር። ይህን ስሜት አላዋቂነት ብሎ ማለፍ አይቻልም። ትኬት ገዝቶ፣ በሽንፈት ዓመታት ሳይቀር መቀመጫውን የሚሞላው ሰው ከቡድኑ ጋር ያለው ትስስር በሰዎች በኩል የሚያልፍ ነው።

እንግዲህ የልውውጥ ክርክር ፍሬ እንዲኖረው አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መነሣት ይኖርባቸዋል። ቡድኑ በእርግጥ የጎደለው ምንድን ነው? ጉድለቱን አሁን ያለው ሰው በሌላ ቦታ ተሰልፎ ሊሞላው አይችልም ወይ? የሚከፈለው ዋጋ ከስንት ዓመት በኋላ ይሰማል? የሚሄደውስ ሰው ለቡድኑና ለከተማው ምን ነበር? የረስል ልውውጥ ለመጀመሪያው፣ የቻምበርሌን ለሁለተኛው፣ የብሩክሊን ለሦስተኛው፣ የቶሮንቶና የዳላስ ለአራተኛው ጥያቄ ምስክር ናቸው።

የማኅበሩ አባላት በትምህርት ቤትም ሆነ በክለብ ቡድን ሲያሠለጥኑ ከመቀመጫው ረድፍ ተመሳሳይ ጩኸት ይሰማሉ፤ «ያንን አውጣው፤ ይህን አስገባው» ይባላሉ። አሠልጣኝ በጩኸቱ መመራት የለበትም፤ ጆሮውንም ሊደፍን አይገባውም። ተመልካቹ «ያንን አውጣው» ሲል ሜዳው ላይ አንድ የላላ ነገር አይቷል። ያ የላላ ነገር የሰውየው ችሎታ ይሁን፣ የቆመበት ቦታ ወይም የተሰጠው ሥራ፣ መርምሮ የሚለየው ግን አሠልጣኙ ነው።