ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ላሳነሱ ባለትዳሮች

(በግራና ከተማ ለባለትዳሮች በተሰጠ የጤና ትምህርት ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ለግራና እንግዳ ሊመስል ይችላል። ውፍረትን ለመቀነስ ሲባል ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ስለማሳነስ፣ ይልቁንም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ስላሉት ረጅም ዓመታት ነው። «እኛን ያስቸገረን ማጣት እንጂ ጥጋብ ነው ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች 22ቱ ከመጠን በላይ የከሱ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8 ነበሩ። ነገር ግን ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከዚሁ ከግራና ስንት እህት ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ታውቃላችሁ። በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ ይህ ቀዶ ሕክምና በብዛት ይሠራል። እዚያ ቆይተው፣ በአሜሪካም ኖረው፣ አሠርተው የሚመጡ ወገኖች አሉ። ይመጡና ዝም ይላሉ።

ዝምታው ምን እንደሚያመጣ ለማስረዳት የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ቦታ ስሠራ አንዲት ባለትዳር እህት ከውጭ አገር በተመለሰች በሁለተኛው ወር መጣች። የለመደችው እንክብል ስለሆነ እሱኑ ፈለገች። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ ስለ ወር አበባዋ ጠየቅሁ፣ ሰጠኋት። «ቀዶ ሕክምና አድርገሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም፤ ባሏም፣ እናቷም አያውቁም ነበርና። በአራተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፣ አርግዛለች። እንክብሉን አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠችም። ሆዷን ለመመርመር ሳስተኛት ከእምብርቷ በላይ አምስት ትናንሽ ጠባሳዎች አየሁ። «ትርፍ አንጀት ነው» አለችኝ። የትርፍ አንጀት ጠባሳ እዚያ አይወጣም። ባሏን ካርድ እንዲያስወጡ ላክኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። በአንደኛው ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ነው። በሁለተኛው የጨጓራው ጫፍ ብቻ ተለይቶ እንቁላል የማይሞላ ትንሽ ከረጢት ይሠራለትና፣ ትንሹ አንጀት ወደ ላይ ተስቦ ይቀጠልበታል። ምግቡ ትልቁን ጨጓራና የአንጀቱን የመጀመሪያ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በአዮዋ የጀመሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰንና ባልደረባቸው ናቸው። ሐሳቡ የመጣው በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው የተቆረጠ ሕሙማን ሲከሱ በመታየታቸው ነው።

ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረ ትልቅ ጥናት ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉትን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። በ20ኛው ዓመት በአማካይ ከቀድሞ ክብደታቸው 18 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል፤ የስኳር በሽታና ሞትም በእነሱ ላይ ቀንሷል። በአማካይ ብዙ የሚከሳው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ጥቂቱ ይመለሳል። ይህ ሲሆን «ገንዘቧን በከንቱ አፈሰሰች» ብላችሁ የምትስቁ ሰዎች ብትኖሩ ተዉ፤ የሰውነት ጠባይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ እንመለስ። በጣም የወፈረች ሴት ብዙ ጊዜ የወር አበባዋ ይዛባል፣ ዕንቁላልም በወቅቱ ላይለቀቅ ይችላል። ለዓመታት «መካን ነኝ» ብላ የኖረች ሴት ክብደቷ ሲወርድ በጥቂት ወራት ውስጥ ልታረግዝ ትችላለች። ሐኪሞች ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመክራሉ። በዚያ ጊዜ ሰውነቷ ያከማቸውን እየበላ የሚከሳ ስለሆነ ለራሷም አልተረፋትም፤ ለጽንሱ ከየት ታመጣለች? ሳታስበው ብታረግዝ ደግሞ ጽንሱ ይበላሻል ማለት አይደለም፤ ፈጥና መጥታ የቅርብ ክትትል ትጀምር።

ታዲያ በምን ትከላከል? አንጀቷ በተቀጠለው ሴት የሚዋጥ እንክብል በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ይመረጥላታል። ጨጓራዋ ብቻ በተቆረጠው እንክብሉ ይሠራል፤ ታዲያ ካላስመለሳትና ካላስቀመጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ማስመለስ የተለመደ ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውም የሚያልፈው በዚያው መንገድ መሆኑን አትርሱ። እኔ የምመርጠው በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ነው። የክንዱ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ የመዳብ ሉፕ 10 ዓመት ያህል ያገለግላል፤ ሁለቱም ከጨጓራ ጋር አይገናኙም። የሦስት ወሩ መርፌም ይሠራል፤ ሆኖም አጥንትን ሊያሳሳ ስለሚችልና አንዳንዷን ስለሚያወፍር፣ ለመክሳት ያን ሁሉ ላየች ሴት መጀመሪያ አላቀርብላትም። ባል ኮንዶም መጠቀም ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ወንዶቹ ወደ መሬት ማየት ጀመራችሁ።

ምግብን በተመለከተ፣ በእኛ ቤት ከባዱ ነገር ጉርሻ ነው። «በሞቴ!» «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ይባላል። ይህች ሴት የምትችለው ከጭልፋ እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ ያን በደንብ አላምጣ፣ ቀስ ብላ ትበላለች። አንድ ጉርሻ ሲጨመርባት ደረቷን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። አማቷ ደግሞ «ወጤን ናቀችው» ይላሉ። ያስመለሳት ወጡ ሳይሆን ጉርሻው ነው። መጀመሪያ እንቁላሉን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሥጋውን ትብላ፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይከተል። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሐል በመሐል ትጠጣ። አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይና ለስላሳ፣ በተለይ አንጀቷ የተቀጠለውን ሴት፣ ላብ በላብ ያደርጓታል፤ ልቧ ይመታል፣ ሆዷ ይላወሳል፣ ልትወድቅም ትችላለች። ቡዳ አይደለም፤ ጣፋጩ በድንገት ወደ አንጀት ስለወረደ ነው። አረቄና ጠላ ደግሞ ቶሎ ወደ ደም ይገባሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመጠጥ ሱስ የተጋለጡ ሰዎች እንዳሉ ታውቋል።

ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። «ስለዳንሁ አቆምሁ» የሚባል ነገር የለም። ብረት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12 በሐኪም በታዘዘው መጠን ይወሰዳሉ። ብረቱን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የሚውጥ ሰው ግማሹን እንደጣለው ይቁጠረው፤ ከካልሲየሙም ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ነው። ስለዚህ ዓቢይ ጾምን ጨምሮ አጽዋማቱን የምትጠብቅ ክርስቲያን እህት ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋታል፤ በመርፌ መውሰድም ይቻላል። ረመዳንን የምትጾም እህት ደግሞ ከውኃ ጥማቱ የተነሳ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመና ላረገዘ ፈቃድ አላቸው፤ ለንስሐ አባታችሁና ለሼኹ ብትነግሯቸው ይረዷችኋል። ቢ12 ያነሳት እናት ብታጠባ ሕፃኑም እንደሚጎዳ እወቁ።

ስታረግዝ ደግሞ በጊዜ ትምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከስዊድን የወጣ ጥናት ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እናቶችን፣ በፊት እንደነሱ ወፍራም ከነበሩና ካላሠሩ እናቶች ጋር አነጻጽሯል። የእርግዝና ስኳር በሽታ ከ100 በ7 ያህሉ ፈንታ በ2 ያህሉ ብቻ ታየ። ከወሩ አንጻር አነስ ብለው የተወለዱት ሕፃናት ግን ከ100 ወደ 8 የነበሩት ወደ 16 ከፍ ብለዋል። ለዚህ ነው የማሕፀኑን ዕድገት በየጊዜው የምንለካው። ለስኳር ምርመራ የሚጠጣው ጣፋጭ ፈሳሽም ለእነዚህ እናቶች አይስማማም፤ ሌላ መንገድ ስላለ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሁለት ነገሮችን ወንዶች በተለይ ያዙልኝ። አንጀቷ የተቀጠለ ነፍሰ ጡር የላይኛው ሆዷ ጠንክሮ ቢያማትና ቢያስመልሳት «ጨጓራዋ ነው» ብላችሁ ተልባ በጥብጣችሁ አትቀመጡ። አንጀት ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል፣ ወደ ወልድያ ወይም ደሴ ውሰዷት። ሁለተኛው፣ ለቀናት ያለማቋረጥ ያስመለሳት ሰው ነገር ቢምታታባት፣ ዓይኗ ቢንቀጠቀጥ፣ ስትራመድ ብትንገዳገድ ቫይታሚን ቢ1 አልቆባት ይሆናል። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 መሰጠት አለበትና «ጨጓራዋ ተቀዷል» የሚለውን ቃል በር ላይ እንደደረሳችሁ ተናገሩ። ለራስ ምታትና ለወገብ እያሉ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት መግዛትም ይቅር፤ የተቀጠለውን ቦታ ያቆስላሉ።

ወደዚያች እህት ልመለስ። የደበቀችበትን ምክንያት ጠየቅኋት። «እናቴ ስከሳ አይታ ታለቅሳለች፤ ሰፈሩ ያ በሽታ ይዟታል ይላል፤ ባሌ ደግሞ ገንዘቡን ለምን እንዳወጣሁት ቢያውቅ ይፈታኛል» አለች። ያጠራቀመችው ለቤት መሥሪያ ነበር። ፈቃዷን ጠይቄ ባሏን አስገባኋቸው። መጀመሪያ ያሉት «ሲስተር፣ ጤነኛ ሆድ ይቆረጣል እንዴ?» ነበር። ጤነኛ እንዳልነበረች፣ የደም ግፊቷም ስኳሯም ከፍ ብሎ እንደነበር ያን ዕለት ሰሙ። ቆይተው ቀስ ብለው «እኔ ወፍራም ናት ብዬ ጠልቻት ነበር ወይ?» አሉ። ያን ጊዜ እሷ አለቀሰች።

ይህ ሕክምና ትዳርን ሊነካ እንደሚችል የፈረንጆቹ ጥናትም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስዊድን የወጣ ጥናት፣ ካሠሩት መካከል ያላገቡት ከሌሎች ይልቅ ብዙ ጊዜ አዲስ ትዳር ወይም ጓደኛ እንደሚይዙ፣ ያገቡት ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ምክንያቱ በየቤቱ ይለያያል። እኔ በዚህ ሥራ ያየሁት አንዱ ሲለወጥ ሌላው ምን እንደሆነ ሳይነገረው ሲቀር ነው። ሚስት ትከሳለች፣ ቆዳዋ ይላላል፣ ፀጉሯ በሦስተኛው ወር አካባቢ ይረግፋል (ብዙውን ጊዜ ይመለሳል)፣ ማታ ራት አብራ አትበላም። ባል በልባቸው ሌላ ነገር ይጠረጥራሉ። ያሠሩት ባል ሲሆኑም ነገሩ ያው ነው፤ ወንዶችም ያሠራሉ፤ ቫይታሚኑም፣ የአረቄው ማስጠንቀቂያም ይመለከታቸዋል።

የዚያች እህት ልጅ 2 ኪሎ ከ200 ሆና ተወለደች። እናቲቱ ወደ ሆስፒታል ተልካ ደም ተሰጣት፣ የቢ12 መርፌም ጀመረች። ከወሊድ በኋላ የክንዱን አስቀበረች። ባልየው የመርፌዋን ቀን በግድግዳው መቁጠሪያ ላይ በቀይ ያከብባሉ፤ ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ክብደቷ ሞልቶላት ሮጣለች።

ከእኔ በኩል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእንክብል የመጣችን ሴት ሁሉ ስለ ቀዶ ሕክምና እጠይቃለሁ። ከውጭ የተሰጣችሁ ወረቀት በዓረብኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ የትኛው ዓይነት እንደተሠራላችሁ ካርዳችሁ ላይ እጽፈዋለሁ። በሰው ፊት ለመናገር ያፈረ ማክሰኞ ወይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ክፍሉ ባዶ ነው፣ በሩም ይዘጋል።