በቆየ መኪና ላይ አዲስ የቦዲ ክፍል ስለ መግጠም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ከዕለት ሥራችን የተወሰደ ነው፤ ይኸውም በቆየ መኪና ላይ አዲስ የተሠራ የብረት ወይም የፋይበርግላስ የቦዲ ክፍል እንዴት እንደሚገጠም ነው። ርዕሱ ለሩቅ ተመልካች ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገጣሚው በመረጠው ቁስና በተከተለው ሥርዓት የሚወሰነው የመኪናው መልክ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪው ደኅንነት ጭምር በመሆኑ፣ በዚህ መድረክ ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ሽቦ አልባው መገናኛ «የነፋስ ስልክ» ይባል ከነበረበት ዘመን ስሙን የወረሰው ይህ የከተማችን ክፍል፣ ዛሬ ከጎፋ እስከ ሳሪስ፣ ከላፍቶ እስከ ለቡ የጋራዥ መዶሻ ድምፅ የማይለየው ሰፈር ሆኗል። የሙያችን ቋንቋም የመጣበትን መንገድ ይናገራል። «ባትላሜ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሆኖ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። «ፓራፋንጎ»ም ጭቃ መከላከያ ማለት ነው፤ የሐምሌን ጭቃ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ለምሳሌ የምወስደው ሁላችንም የምናውቀውን ቮልስዋገን፣ በተለምዶ አጠራሩ ቮልስን ነው። ይህ መኪና በታሪካችን ውስጥ ስፍራ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ የመጨረሻው ቮልስ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ በጎዳናችን የሚሄደው ሁሉ ተተኪ የሌለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም፣ ያለውን ጠግኖ የማቆየትን ሥራ ይበልጥ ከባድ ኃላፊነት አድርጎታል።

ቮልስ ለባትላሜ የተመቸ መኪና ነው። አራቱ ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ያለ ብየዳ ይወልቃሉ። ቦዲውም ራሱ ከወለሉ ጋር በብሎን የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምቾት አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም የሚፈታው ሁሉ ሸክም የሌለበት፣ የማይፈታው ሁሉ ደግሞ ጠንካራ መስሎ ይታያልና ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ክፍል መኪናውን ይሸከማል ወይስ ይሸፍናል?

ፓራፋንጎ ይሸፍናል። የሞተር መክደኛም ይሸፍናል። ከበሩ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ባዶ ሣጥን ግን፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ከማድረሱ በላይ የቦዲው አከርካሪ ነው። የወለሉ ላሜራም እንደዚሁ ነው። በተለይም ባትሪው የሚቀመጥበት፣ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ያለው ስፍራ በአሲድ ተበልቶ ሲያበቃ በምንጣፍ ተሸፍኖ ይቀራል። እነዚህን ሁለት ክፍሎች በፋይበርግላስ ለብጦ ቀለም መቀባት ጥገና ሊባል አይገባውም። ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል፤ መኪናው በተጋጨ ዕለትም ሣጥኑ ሳይሆን ልባሱ ብቻ ተሳፋሪውን እንዲጠብቅ ይጠየቃል። የሚሸከም ሁሉ በብረት ይተካ፤ የሚሸፍን ብቻ እንደ ሁኔታው በብረት ወይም በፋይበርግላስ ይሠራ። የዚህ ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የብረቱን ሥራ በአጭሩ ልመልከት። ከበር ሥር ያለው ሣጥን ከመቆረጡ በፊት መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ በበሩ ክፍተት መካከል የማዕዘን ብረት በጊዜያዊነት ይበየድ። ይህ ካልሆነ ቦዲው መሐሉ ላይ ይረግባል፤ ከዚያም በኋላ በሩ በመዶሻ እየተመታ እንዲዘጋ ይገደዳል። አዲሱ ላሜራ ከመበየዱ በፊት በሩ በማጠፊያው ላይ ተሰቅሎ፣ ተከፍቶና ተዘግቶ፣ ዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ ይረጋገጥ። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላውን ላሜራ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ መበየድ ያጣምመዋል። ስለዚህ በነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እያቀያየሩና እያቀዘቀዙ መሄድ ይገባል። ስቱኮም የመጨረሻ ማለስለሻ እንጂ የጎደለ ላሜራ ምትክ አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ሚሊ ሜትር ያለፈ ስቱኮ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ወደ ፋይበርግላስ ስንመጣ፣ ቁሱ ለመኪና እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ አገር ኮርቬት የተባለው መኪና ቦዲ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋይበርግላስ ተሠርቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሩስ ማየርስ የተባለው ካሊፎርኒያዊ በቮልስ ወለል ላይ የፋይበርግላስ ቦዲ ገጥሞ በዓለም የታወቀ የአሸዋ መኪና ሠርቷል። ስለዚህ ነቀፌታዬ በቁሱ ላይ አይደለም፤ ያለ ስፍራው መግባቱን ነው የምቃወመው።

ቁሱ የራሱ ጠባይ አለው። 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲታጠፍ የሚያሳየውን ግትርነት ለማግኘት ፋይበርግላሱ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ሊወፍር ይገባዋል። እንደዚያም ሆኖ በስኩዌር ሜትር ላሜራው 6.3 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ፋይበርግላሱ ከ4 ኪሎ ግራም በታች ይሆናል። በአንጻሩ በሙቀት የሚያሳየው መስፋፋት ከብረት እጥፍ ገደማ ነው። ስለሆነም የብሎን ቀዳዳዎቹ ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ብለው ይበሱ፤ ከሥራቸውም ሰፊ ሮንደላ ይግባ። በጠባብ ሮንደላ የጠበቀ ብሎን ፋይበርግላሱን ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጥቀዋል።

በአሠራርም ረገድ ሬዚኑና ማጠንከሪያው በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ይቀላቀሉ፤ ማጠንከሪያው እንደ አምራቹ መመሪያ በአብዛኛው ከመቶ አንድ እስከ ሁለት ነው። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ሬዚኑ ሲዘገይ ማጠንከሪያውን ማብዛት የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። የሚሻለው ግን ክፍሉን ማሞቅና ሥራው በፎርማው ውስጥ እስኪጠና መታገሥ ነው። ያለ ጊዜው ከፎርማ የወጣ ፓራፋንጎ ይጣመማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያቃናው ብልሃት የለም። የመስተዋቱ ብናኝና የሬዚኑ ጠረንም ለሳንባ ጠንቅ ስለሆኑ፣ ሥራው አየር በሚገባበት ስፍራ በአፍ መሸፈኛና በመነጽር ይከናወን። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ላስታውስ። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀድሞ በብረቱ ፓራፋንጎ በኩል ወደ ቦዲው ይመለስ የነበረው ኔጋቲቭ፣ አሁን የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህ ከተረሳ መብራቱ ይደክማል ወይም ከነጭራሹ አይበራም፤ ባለቤቱም አምፖል ሲለውጥ ይከርማል።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልለፍ። የፋይበርግላስ ፎርማ የሚወጣው ከሌላ ፓራፋንጎ ላይ ነው። ያ መነሻ ፓራፋንጎ ተመትቶ የተቃና ከሆነ፣ ጉድለቱ በቅጂው ላይ ይታተማል። ከቅጂው ላይ ሌላ ፎርማ ሲወጣ ስሕተቱ ይደገማል፤ ይጨመርበታልም። በዚህ ላይ የቮልስ ፓራፋንጎ አንድ ዓይነት አይደለም። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የተሠሩት መኪናዎች በአብዛኛው የፊት መብራታቸው ወደ ኋላ ያጋደለ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት በአብዛኛው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ይህን ሳይለዩ አንዱን ለሌላው ማስገደድ በመንደር የተሠራውን ጉድለት ወደ ቋሚ መልክ ይለውጠዋል። የፋብሪካው ትክክለኛ ቅርፅ ያላቸው ክፍሎች በየዓመቱ እየተመናመኑ ነው። የመጨረሻው ጤናማ ፓራፋንጎ ወደ ብረት አቅላጭ የሄደ ዕለት የቮልስን እውነተኛ መልክ የሚነግረን አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። ከአባላቱ መካከል ያልተመታ የፋብሪካ ፓራፋንጎ፣ በርና ኮፈን ያለው ለጊዜው ያውሰን። ከእነዚህም ላይ በየዓመተ ምርቱ የተለየ፣ በልክ የተረጋገጠ ዋና ፎርማ ይውጣ። ፎርማው በነፋስ ስልክ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተቀምጦ ማንኛውም ባትላሜ ሥራውን የሚያመሳክርበት፣ ወጣቶችም እጃቸውን የሚያፍታቱበት ይሁን። ወጪው ብዙ አይደለም። የአንጋፋዎቹ ባትላሜዎች ዕውቀት ያለው ግን በእጃቸው ነው፤ በወረቀት ላይ አልሰፈረም። ፎርማው ሲወጣ እነርሱ በአጠገቡ ቆመው «እዚህ ላይ አበጠ፣ እዚያ ላይ ጎደለ» ቢሉ፣ ያ ቃል ተጽፎ ከፎርማው ጋር ሊቀመጥ ይገባዋል።

አሮጌ መኪና ባለቤቱ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሙያችን የሚጠየቀው እምነት ከፍ ያለ ነው።