«ኮፊ» የሚለው ቃልና የከፋ ስም



እንግሊዞች ቡናን «ኮፊ» ይሉታል። በቦንጋ ያደግን ልጆች ይህ ስም ከአገራችን ከከፋ የተወሰደ ነው ሲባል እየሰማን ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ የተማረ ሰው ደስ ያሰኘውን ነገር ሁሉ ሊመረምር ይገባዋል።

የቃሉ ጉዞ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ከሆላንዶች፣ ሆላንዶች «ካህቬ» ከሚሉት ከቱርኮች፣ ቱርኮችም «ቀህዋ» ከሚሉት ከዐረቦች ተቀበሉት። ቀህዋ ደግሞ በጥንታዊው ዐረብኛ የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበረ። ስለዚህ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ምንጭ ከዚያ ያደርጉታል፤ ከከፋ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።

ታዲያ ቃሉ የእኛ ባይሆን ምን ይጐድልብናል? ምንም። በካፊኖኖ ቡና «ቡኖ» ይባላል፤ ዐረቦችም ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። ስም ሊያሳስት እንደሚችል ደግሞ ከስዊድናዊው ሊቅ ከሊኔ እንማራለን። እርሱ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዛፉ የሳይንስ ስም ሲያወጣ «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ለዐረብ ሰጠው፤ የዛፉ መነሻ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

ይህንኑ የከፋን ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ደኑ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ «ስሙ ከእኛ ነው» ብንል ማን ይሰማናል? የቃሉን ክርክር ሊቃውንት ይጨርሱት፤ ዛፉን መጠበቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።