ኢንተርኔት እንዴት በተራ ይገባል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ ሰው ኢንተርኔት እንዲገባለት ሲያመለክት፣ አድራሻው ይጣራል፤ ነፃ መስመር ይፈለጋል፤ መስመሩ ተከፍቶ ይፈተሻል፤ በመጨረሻም ሒሳቡ ይጀመራል። ይህ ሁሉ በሰው እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ሥራውን የሚያከብደው የመስመሩ ዓይነት መለያየት ነው። በመዳብ ሽቦ ለሚመጣው፣ በስልክ ጣቢያው መሣሪያ ላይ አንድ መውጫ ይያዝለታል። በፋይበር ግን አንዱ ክር ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ስለሚከፈል፣ የየቤቱ መሣሪያ በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። በሬዲዮ ሞገድ የሚመጣው ደግሞ በሲም ካርዱ ይታወቃል።

መፍትሔው «ወርክፍሎው» ይባላል፤ ይኸውም የሥራ ቅደም ተከተል ማለት ነው። ለሦስቱም አንድ ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ በዋናነት የሚለየው መስመሩ የሚከፈትበት ደረጃ ነው። ኮምፒዩተሩም በዚሁ መሠረት መሣሪያዎቹን ያዛል። አንዱ ደረጃ ቢሰናከል የተያዘውን መውጫ መልሶ እንዲለቅ መጻፍ ይገባል፤ ያለዚያ መውጫው ለማንም ሳያገለግል ይቀራል።

ሥራን ለመሣሪያ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። በ1892 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላፖርት ከተማ የስትሮውጀር አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያ ተከፍቶ፣ ያለ ስልክ አገናኝ መነጋገር ተችሏል።

ጓደኞቼ፤ መሣሪያ የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አይሠራም። የአንድ ሠራተኛ ስሕተት አንድ ደንበኛን ሲጎዳ፣ በቅደም ተከተሉ ውስጥ የተጻፈ ስሕተት ግን ሺዎችን ይጎዳል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ሥራውን ከሥሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትምህርታችንም ለዚሁ ነው።