የእርሻ ሙከራ የዕጣ ድልድልና ኮምፒዩተር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ጉዳይ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ይኸውም በእርሻ ሙከራ መደቦች ላይ የሚፈተኑትን አሠራሮች በኮምፒዩተር አማካይነት በዕጣ መደልደል ነው። ሥራው በአንድ ደቂቃ ማለቁ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያች ደቂቃ በፊትና በኋላ ሊሠራ የሚገባው ካልተሠራ የአንድ ክረምት ድካም ከንቱ ሆኖ እንደሚቀር በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ዕጣ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ሽማግሌዎች በመጀመሪያ ለሙን ከጠፉ፣ ሜዳውን ከተዳፋቱ አመጣጥነው ድርሻ ድርሻውን ይለያሉ፤ ዕጣው የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጣው አንድ ጊዜ ከወጣ «ይህ አልተስማማኝምና እንደ ገና ይጣልልኝ» የሚል ሰው ቢኖር አይደመጥም። እንግዲህ ድርሻውን እኩል የማድረጉ ሥራ የሽማግሌዎቹ እንጂ የዕጣው አይደለም። የዕጣው ጥቅም የከፋዩን እጅ ከአድልዎም ከሐሜትም ነጻ ማድረጉ ነው። በሳይንስ የምንሠራበትም ዕጣ ከዚህ ሥርዐት ብዙ አይርቅም።

በእርሻ ምርምር ይህን ሥርዐት በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ሥራ የጀመረበት የሮትሃምስቴድ ምርምር ጣቢያ ከ1843 ጀምሮ የማዳበሪያ ሙከራ ሲካሄድበት የኖረ ነበር። የምርት መዝገብ እጅግ ብዙ ነበረ፤ ችግሩ ግን በመዝገቡ የታየው ልዩነት ከማዳበሪያው የመጣ ይሁን ወይስ ከመሬቱ፣ ለይቶ ለማወቅ አለመቻሉ ነበር። ፊሸር በ1925 እና በ1935 ባሳተማቸው መጻሕፍት መፍትሔው በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ መሆኑን አስረዳ፤ እነርሱም ድግግሞሽ፣ የዕጣ ድልድል፣ እንዲሁም ተመሳሳይ መሬትን በአንድነት መመደብ ማለትም ብሎክ ናቸው። «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የታወቀው ዊልያም ጎሴት በበኩሉ፣ ባለሙያ በጥንቃቄ አመጣጥኖ የዘረጋው ድልድል ከዕጣ ይበልጣል ሲል እ.ኤ.አ. በ1937 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ተከራክሯል። የፊሸር መልስ፣ ሰው በእጁ ያመጣጠነው ድልድል ቢያምርም እንኳ የሙከራውን ስሕተት በታማኝነት ለመመዘን የሚያስችል መሠረት አይሰጥም የሚል ነበር።

ከድልድሎች ሁሉ ቀላሉ ፍጹም የዕጣ ድልድል የሚባለው ነው። አራት አሠራሮች እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ይደገሙ ብንል 20 መደቦች ያስፈልጉናል፤ ማናቸውም አሠራር በማናቸውም መደብ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ሌላ ገደብ የለም። ይህን ለማድረግ የሚቻልበት መንገድ 11,732,745,024 ነው። የቀደሙት ባለሙያዎች ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ካርታ ይበውዙ ወይም በመጽሐፍ የታተመ የዕጣ ቁጥር ሠንጠረዥ ይገልጡ ነበር። ዛሬ «አር» የተባለውን ነጻ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው፣ ፔሩዊው ፌሊፔ ዴ ሜንዲቡሩ ባዘጋጀው «አግሪኮሌ» በተባለው ጥቅል ውስጥ የአሠራሮቹን ስምና የድግግሞሹን ቁጥር ጽፎ ቢያዝዝ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ስም በድግግሞሹ ልክ ደርድሮ ይበውዝና ቁጥር የተሰጣቸውን መደቦች ከነአሠራራቸው ያቀርብለታል። በሮትሃምስቴድ የተወለደው ጄንስታትም ይህንኑ ያደርጋል።

እኔም ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። መረሬ አፈር ባለበት ማሳ ላይ አራት የውሃ ማጠንፈፊያ አሠራሮችን በስንዴ ለመፈተን ተነሣሁ፤ ከአራቱ አንዱን የቀረጽሁት እኔው ነበርሁ። ማሳው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሲሆን፣ በክረምት ውሃ የሚተኛው በታችኛው አጋማሽ እንደ ሆነ አውቅ ነበር። ኮምፒዩተሩ ያወጣልኝን የመጀመሪያ ዕጣ ስመለከት ከአንዱ አሠራር አምስት መደቦች አራቱ ከላይ ወድቀዋል። አላማረኝምና እንደ ገና አዘዝሁ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቅር አሰኘኝ። አራተኛው ለዐይኔ የተመጣጠነ ስለ መሰለኝ እርሱን ይዤ ወደ ማሳው ወረድሁ።

ምርቱ ተሰብስቦ ውጤቱን ለባልደረቦቼ ባቀረብሁ ጊዜ የእኔው አሠራር ብልጫ አሳይቶ ነበር። አንድ አንጋፋ ባለሙያ የድልድሉን ንድፍ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ስንተኛው ዕጣ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አራተኛው መሆኑን ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ዕጣውን ያወጣኸው አንተ ነህ እንጂ ኮምፒዩተሩ አይደለም» አሉኝ። ንድፉን እንደ ገና ስመረምረው፣ ውሃ ከሚተኛበት ከታችኛው ጥግ የእኔ አሠራር አንድም መደብ አልነበረውም። ሆነ ብዬ ያደረግሁት አልነበረም፤ ቢሆንም አለማድረጌን ለማንም፣ ለራሴም ጭምር፣ ላረጋግጥ የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። ሪፖርቱ ቀረ፤ ሙከራውም በሚቀጥለው ክረምት ከመጀመሪያው ተሠራ።

ጥፋቴ ሁለት ነበር። አንደኛው ዕጣውን መደጋገሜ ሲሆን፣ ከዚያ የቀደመው ደግሞ ዘንበል ያለ መሆኑን በማውቀው ማሳ ላይ ፍጹም የዕጣ ድልድል መጠቀሜ ነው። ከ20ው መደቦች አሥሩ ከላይ፣ አሥሩ ከታች ቢሆኑ፣ የአንድ አሠራር አምስት መደቦች ቢያንስ አራቱ በአንድ አጋማሽ የሚወድቁበት ዕድል ከመቶ 30 ያህል ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ዕጣ የኮምፒዩተሩ ብልሽት አልነበረም፤ ያዘዝሁትን በትክክል ፈጸመልኝ። መፍትሔው ማሳውን በተዳፋቱ አቋራጭ በአምስት ብሎኮች ከፍሎ፣ አራቱን አሠራሮች በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ በዕጣ መደልደል ነበር። በዚህ የስሕተት መመዘኛው ነጻ ዲግሪ ከ16 ወደ 12 ይወርዳል፤ የተዳፋቱ ልዩነት ከስሕተቱ ሲወጣ ግን የሚገኘው ጥቅም ከዚህ ኪሳራ ይበልጣል። ፍጹም የዕጣ ድልድል ተገቢ ቦታው አፈሩ ተደባልቆ በማሰሮ በተሞላበት፣ ብርሃንና ሙቀቱ አንድ በሆነበት፣ በቤተ ሙከራም ሆነ ልዩነቱ በማይታወቅ ወጥ መሬት ላይ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለወጣት ባልደረቦቼ ጥቂት ነጥቦችን ላሳስብ እወዳለሁ።

መጀመሪያ፣ የመደቦቹ ቁጥር በችካልና በንድፍ የሚወሰነው ከዕጣው በፊት ነው። ዕጣው ከወጣ በኋላ «አንድ ቁጥር ከየት ይጀምር?» ብሎ መማከር ዕጣውን በጓሮ በር መለወጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ መደብ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ትራክተር አንድን ረጅም ሰቅ በአንድ አሠራር አርሶ ካለፈ፣ ሰቁ አንድ መደብ ነው፤ በውስጡ አምስት ቦታ ናሙና ብናነሣ አምስት ድግግሞሽ አይሆንም። ፕሮግራሙ ግን አምስት ብለን ከነገርነው አምስት ብሎ ይቀበላል። እኛ መሐንዲሶች በሰፋፊ መሣሪያ የምንሠራ እንደ መሆናችን ይህ ስሕተት ከማንም ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕጣው የተነሣበት ቁጥር ይመዝገብ። ባለሙያዎች ይህን ቁጥር «ሲድ»፣ ማለትም «ዘር» ይሉታል፤ ዘሩ አንድ ከሆነ የሚበቅለውም ዕጣ አንድ ስለ ሆነ ማንም ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። «አር» እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 3.6.0 በተባለው እትሙ ዕጣ የሚያወጣበትን ስልት ስለ ለወጠ፣ በዚያው ዘር ከቀድሞው የተለየ ድልድል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የፕሮግራሙ እትም አብሮ ይጻፍ። በኤክሴል የሚሠራ ደግሞ የዕጣ ቁጥሮቹ ሠንጠረዡ በተነካ ቁጥር እንደሚለዋወጡ ተገንዝቦ፣ ወዲያው ወደ ቋሚ ቁጥር ይለውጣቸው።

በመጨረሻም፣ ዕጣው አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ። የማንቀበለው የድልድል ዐይነት ካለ ከዕጣው በፊት እንናገረው፤ ንድፉንም በዚያው መሠረት እንምረጥ። ከወጣ በኋላ ግን ሳያምረንም እንቀበለው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ እኛ የምንፈትነው አሠራር ነገ ግማሽ ሄክታር መሬት ባለው ገበሬ እጅ ይገባል። እርሱ ድግግሞሽ የለውም፤ ያለው አንድ ማሳና አንድ ክረምት ነው። ምክራችንን አምኖ ሲዘራ የሚያምነው ኮምፒዩተሩን ሳይሆን እኛን ነው። እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በማቀርበው ሪፖርት ሁሉ ከንድፉ ግርጌ የዘሩን ቁጥር፣ የፕሮግራሙን እትምና «ዕጣው የወጣው አንድ ጊዜ ነው» የሚል ቃል እጽፋለሁ። እናንተም ይህን ልማድ ብታደርጉት ወንድማዊ አሳቤ ነው።