ብዕርም ሒሳብ ይፈልጋል
በቾ ቦሬ በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

ዛሬ የምንናገረው በግል የጽሑፍ ሥራ ስለምንተዳደር አባላት ነው። ማመልከቻ እንጽፋለን፤ ሪፖርትና የፕሮጀክት ሰነድ እናዘጋጃለን፤ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ከአፋን ኦሮሞም ወደ አማርኛ እንተረጉማለን። ጅማ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ሥራ አያጣም። እኛንም የቸገረን ሥራ ማጣት ሳይሆን እየሠሩ መክሰር ነበር።

አንዱን እንንገራችሁ። ለአንድ ደንበኛ የፕሮጀክት ሰነድ በ4,000 ብር ልንጽፍ ተስማማን። ውል አልጻፍንም፤ ቀብድ መጠየቅም አፈርን። አምስት ጊዜ አስተካክሉ ተባልን። ገንዘቡ እጃችን የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው። በዚህ መሀል አንዷ እህታችን የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመሙላት ቁጠባዋን አወጣች። «ከእንግዲህ ብዕር አልይዝም» ብላ ጉሊት ልትወጣም ተነሥታ ነበር።

ያን ጊዜ መዝገብ ከፍተን ተቀመጥን። ለትራንስፖርት፣ ለኢንተርኔትና ለኅትመት 750 ብር ወጥቷል፤ የቀረው 3,250 ብር ነው። መጠየቁ፣ መጻፉ፣ ማረሙና መመላለሱ ሲደመር ሦስት ሆነን 130 ሰዓት ሠርተናል። ለአንድ ሰዓት የደረሰን 25 ብር! ማኪያቶ እንኳ አያጠጣም።

የቡና አገር ልጆች ሆነን ይህን መሳታችን ያሳፍራል። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና ደርቆና ተቀሽሮ የሚወጣው አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ነው። ደንበኛ የሚያየው ንጹሑን፣ ማለትም ያለቀውን ገጽ ነው። እኛም ዋጋ ያወጣነው ለገጹ ብቻ ነበር፤ እሸቱን ረሳነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ነገር ይዘናል።

አንደኛ፣ ዋጋ ከመናገራችን በፊት ሰዓቱንና ወጪውን በወረቀት እናሰላለን።

ሁለተኛ፣ ለትንሽ ሥራም ቢሆን ውል እንጽፋለን፤ ሁለት እርማት በዋጋው ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል።

ሦስተኛ፣ ግማሹን በቀብድ እንቀበላለን። ቀብድ መጠየቅ ነውር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀብድን ነገር ደንግጎታል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለም ቢተው እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ እኛንም ያስራል፤ በቀኑ እናስረክባለን።

አራተኛ፣ የሥራው ገንዘብና የጓዳው ገንዘብ አይቀላቀልም። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እያንዳንዱ ደረሰኝ በቀኑ ይመዘገባል፤ የግብሩም ድርሻ ገቢው እንደገባ ይነሣል። እህቶች፣ እቁብ ሲደርሳችሁ ትርፍ አገኘን አትበሉ፤ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። ቡና ሲሸጥ ከተማው ገንዘብ ያያል፣ እኛም ሥራ ይበዛልናል። ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። እንግዲያው የኅዳር ገቢ የነሐሴም ቀለብ ነው።

ዋጋችን ሲጨምር የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ አንደብቅም። የቀሩት ግን በጊዜው ይከፍላሉ። ባለፈው ክረምት ለቀለብ ብላ ቁጠባዋን ያወጣች አንዲት ጸሐፊ የለችም። ጉሊት ልትወጣ የነበረችው እህታችንም ዛሬ አዲስ የሚገቡትን ውል አጻጻፍ ታስተምራለች።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ላደረጋችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። አሁን የምንለምናችሁ ሌላ ነገር ነው፤ የሚጻፍ ሪፖርት፣ የሚተረጎም ሰነድ ሲኖራችሁ ለእኛ ስጡን። ቀብዱን ግን አትርሱ።